የሞርጌጅ ወለድና ሴክሽን 24፦ ግብርዎን አስልተው ተቃውሞዎን በቁጥር የሚያቀርቡበት መንገድ

እንግሊዝ አገር ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ሴክሽን 24፣ ማለትም ለቤት መግዣ ብድር (ለሞርጌጅ) የሚከፈለው ወለድ ከኪራይ ገቢ ላይ እንዳይቀነስ ስላደረገው የግብር ሕግ፣ ሲያማርር መስማት አዲስ ነገር አይደለም። «ባለፈው ዓመት ከቤቱ ስንት ተረፈህ? ስንትስ ግብር ከፈልክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አያውቀውም። ለፓርላማ አባል የሚጻፍ ደብዳቤም ሆነ ቤቱን ለመሸጥ ወይም ኩባንያ ለማቋቋም የሚታሰብ ሐሳብ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ይቅደም፤ ተቃውሞው ይከተላል።

እርከኖቹና ምጣኔዎቹ የ2025/26 የግብር ዓመት የእንግሊዝ ቁጥሮች ናቸው፤ ዓመቱ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2026 ያለው ነው። ስኮትላንድ የራሷ የገቢ ግብር እርከን ስላላት፣ እዚያ የሚኖር ሰው አሠራሩን ይውሰድ እንጂ ቁጥሮቹን እንዳሉ አይገልብጥ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ሕጉ ምን ቀየረ?

ከኤፕሪል 2017 በፊት አከራይ ከሰበሰበው ኪራይ ላይ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የኤጀንቱን ክፍያና የሞርጌጅ ወለዱን ቀንሶ በተረፈው ላይ ብቻ ግብር ይከፍል ነበር። የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ኦዝቦርን ጁላይ 8 ቀን 2015 ባቀረቡት በጀት ይህ እንደሚቀር አስታወቁ። በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ የፋይናንስ ሕግ ውስጥ ክፍል 24 ሆኖ ስለተደነገገ ሰዉ ሁሉ «ሴክሽን 24» ይለዋል።

ለውጡ ቀስ በቀስ ገባ። በ2017/18 እንደ ወጪ የሚቀነሰው የወለዱ 75 በመቶ፣ በ2018/19 50 በመቶ፣ በ2019/20 25 በመቶ ሆነ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ወለድ ከነጭራሹ ወጪ መሆኑ ቀረ። በምትኩ የወለዱ 20 በመቶ፣ ግብሩ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ፣ ከግብሩ ላይ ይቀነሳል።

ልዩነቱ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። ድሮ ወለዱ ሲቀነስ ገቢው ራሱ ዝቅ ይል ነበር። አሁን ገቢዎ ለባንክ የከፈሉትን ወለድ ጭምር ይዞ ከፍ ብሎ ይመዘገባል፤ ቅናሹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያ ከፍ ብሎ የተመዘገበ ገቢ 40 በመቶ እርከን ውስጥ ሊያስገባዎት፣ ቻይልድ ቤኔፊት (መንግሥት ለልጆች የሚከፍለውን ድጎማ) ሊያስመልስዎት፣ 100,000 ፓውንድ ሲያልፍ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነውን 12,570 ሊሸረሽርብዎት ይችላል። የአከራዮቹ ቁጣ ከ20 በመቶው ይልቅ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ሕጉ የሚይዘው መኖሪያ ቤት በግል ስሙ ወይም በሽርክና የሚያከራየውን ሰው ነው። ሱቅና ቢሮ የሚያከራይ አይነካውም፤ ኩባንያም አይነካውም። ለእረፍት የሚከራዩ ቤቶች ከሕጉ ውጭ ሆነው ቆይተው ነበር፤ ያም ልዩ መብት በኤፕሪል 2025 አብቅቷል።

ሒሳቡ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

አምስት ቁጥሮች ያዘጋጁ። ከፒ 60 (አሠሪዎ በዓመቱ መጨረሻ ከሚሰጥዎት የደመወዝና የግብር ማጠቃለያ) ላይ የዓመቱ ደመወዝ፤ የሰበሰቡት ኪራይ በሙሉ፣ ኤጀንቱ የራሱን ከመቁረጡ በፊት ያለው፤ ከወለድ ውጭ ያለው ወጪ፤ ወለዱ፤ ካለፈው ዓመት ሳይጠቀሙበት የተላለፈ ወለድ ካለ እሱ።

ምሳሌ እንውሰድ። ደመወዝ 45,000፣ ኪራይ በወር 1,500 ማለትም በዓመት 18,000፣ ሌላ ወጪ 3,000። የሞርጌጁ ዕዳ 200,000፣ ወለዱ 5.5 በመቶ፣ ስለዚህ በዓመት 11,000። ኪሱ ውስጥ የቀረው 4,000 ፓውንድ ነው።

በድሮው ሕግ 45,000 እና 4,000 ተደምሮ 49,000 ይሆናል። የ40 በመቶው እርከን የሚጀምረው ከ50,270 በላይ ስለሆነ፣ በቤቱ ትርፍ ላይ የሚከፈለው 20 በመቶ፣ 800 ፓውንድ ብቻ ነበር።

በአሁኑ ሕግ፦

1. የቤቱ ትርፍ ወለዱ ሳይቀነስ፦ 18,000 ሲቀነስ 3,000 = 15,000።
2. ጠቅላላ ገቢ፦ 45,000 ሲደመር 15,000 = 60,000።
3. ከ15,000ው ውስጥ እስከ 50,270 ድረስ የሚገባው 5,270 በ20 በመቶ = 1,054። የቀረው 9,730 በ40 በመቶ = 3,892። ድምሩ 4,946።
4. ቅናሹ ከሦስት ቁጥሮች የትንሹ 20 በመቶ ነው፦ ወለዱ (ከተላለፈው ጋር)፣ የቤቱ ትርፍ፣ እና ከ12,570 በላይ ያለው ገቢ፣ ከቁጠባና ከአክሲዮን የሚገኝ ገቢ ሳይቆጠር። እዚህ 11,000፣ 15,000 እና 47,430 ናቸው። ትንሹ 11,000 ስለሆነ ቅናሹ 2,200።
5. የሚከፈለው፦ 4,946 ሲቀነስ 2,200 = 2,746።

4,000 አትርፎ 2,746 ከፈለ፤ ከትርፉ ወደ 69 በመቶ ገደማ። ይህን መቶኛ በወረቀት ላይ አስፍረው ያስቀምጡት፣ ኋላ ለደብዳቤው ይፈለጋል።

ወለዱ ወደ 8 በመቶ ቢወጣስ? ለባንክ 16,000 ይከፈላል፤ ቤቱ በዓመት 1,000 ያከስራል። የተመዘገበው ትርፍ ግን አሁንም 15,000 ነው፤ ግብሩም 4,946። ቅናሹ በቤቱ ትርፍ ስለሚገደብ የ15,000ው 20 በመቶ፣ 3,000 ይሆናል። ከስሮም 1,946 ይከፍላል። ያልተጠቀመበት 1,000 ፓውንድ ወለድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በሌላ በኩል ደመወዙ 25,000 የሆነ አከራይ በ15,000ው ላይ 3,000 ይታሰብበትና 2,200 ተቀንሶለት 800 ይከፍላል፤ ልክ እንደ ድሮው። ሴክሽን 24 «አከራይን ሁሉ ይጎዳል» የሚለው ንግግር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሌላ ገቢ የሌለው ጡረተኛ ደግሞ ከ12,570 በላይ ያለው 2,430 ብቻ ስለሆነ ቅናሹ ግብሩን ዜሮ ያደርገዋል፣ የቀረውም 8,570 ወለድ ይተላለፋል። ይህን የተላለፈ ቁጥር በየዓመቱ የሚከታተልልዎት ማንም የለም። እርስዎ ካልጻፉት ይጠፋል።

ልጆች ያሏቸው 60,000ውን ልብ ይበሉ። ቻይልድ ቤኔፊት ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 200 ፓውንድ 1 በመቶ ይመለሳል፣ 80,000 ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ያልቃል። በምሳሌያችን ያለው ሰው ሁለት ልጆች ቢኖሩትና ኪራዩን በወር 100 ቢጨምር፣ ከ1,200ው ላይ 480 በ40 በመቶ ግብር፣ 135 ደግሞ በቻይልድ ቤኔፊት ተመላሽ ይሄዳል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። «ኪራይ ጨምሬ እወጣዋለሁ» ለሚል ሰው ሌላም ነገር አለ። የ2025ቱ የተከራዮች መብት ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ በሴክሽን 13 ማስታወቂያ፣ ከሁለት ወር ቅድመ ማሳወቂያ ጋር ብቻ ነው። ተከራዩ ከገበያው በላይ ነው ካለ ትሪቡናል ይወስደዋል፤ የአከራዩ የግብር ጭንቀት እዚያ ክርክር አይሆንም።

ወለድ ውስጥ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም?

በጣም የሚደጋገመው ስህተት ከባንክ ሒሳብ ላይ በየወሩ የሚወጣውን ክፍያ በሙሉ እንደ ወለድ መጻፍ ነው። ዋናውን ብድር የሚቀንሰው ክፍል አይቆጠርም። አበዳሪው በየዓመቱ የሚልከው መግለጫ ሁለቱን ለያይቶ ያሳያል፤ ጊዜው ግን ከግብር ዓመቱ ጋር ላይገጥም ስለሚችል ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ያለውን የወለድ ማረጋገጫ ደውለው ይጠይቁ። የሞርጌጁ ማመቻቻ ክፍያ፣ ለኪራዩ ሥራ የተወሰደ ኦቨርድራፍት ወለድ፣ ለቤት ዕቃ የተወሰደ ብድር ወለድ ይገባሉ። ወለድ ለማይከፍሉ ሙስሊም አከራዮች በኢጃራና በመሳሰሉት ውሎች የሚከፈለው የባንኩ ድርሻም እንደ ወለድ ይታያል።

የቅድሚያ ክፍያውን ከእቁብ ያወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የእቁብ መዋጮ ወለድ ስለሌለው የሚመዘገብ ነገር የለም። ከዘመድ የተበደሩትም በእርግጥ ወለድ ካልከፈሉና የተጻፈ ውል ከሌለ እንደዚያው ነው።

ቤቱን አስይዘው ተጨማሪ ገንዘብ ላወጡት ሕጉ ከሚያስቡት በላይ ይለግሳል። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከራይ የነበረው የገበያ ዋጋ ጣሪያ ነው፤ በኪራዩ ቤት ላይ ያለው ብድር እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ከሆነ፣ የወጣው ገንዘብ አዲስ አበባ ቤት ቢሠራበትም ወለዱ ይቆጠራል። ለምሳሌ ለንደን ስትራትፎርድ ያለ አፓርትመንት ሲከራይ 300,000 ያወጣ ከነበረ፣ ብድሩ ከ150,000 ወደ 220,000 ቢያድግ የ220,000ው ወለድ በሙሉ ይገባል። የሚኖሩበትን ቤት አስይዘው አዲስ አበባ ከሠሩ ግን ወለዱ የለንደኑን ኪራይ አይነካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በየትኛው ቤት ላይ እንደተበደረ ባለመለየቱ ነው።

አገር ቤት ያለውን ቤት የሚያከራይ የእንግሊዝ ነዋሪም ከሴክሽን 24 አያመልጥም፤ ሕጉ ውጭ አገር ያለንም መኖሪያ ቤት ይይዛል። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መዝገብ ለሚይዝ አከራይ ወለድን በወጪነት ይፈቅድ ነበር፤ እንግሊዝ ግን ያንኑ ወለድ በ20 በመቶ ቅናሽ ብቻ ነው የምታየው። ሁለቱ ሒሳቦች ለየብቻ ይሠራሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈለው ግብር ከእንግሊዙ ግብር ላይ ስለሚቀነስ ደረሰኙን አይጣሉ።

ቅጹ ላይ

እንግሊዝ ውስጥ ያለ ቤት የኪራይ ገቢ የሚሞላበት ቅጽ ኤስኤ 105 ነው። የመኖሪያ ቤት ወለድ የሚጻፈው ሳጥን 44 ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት የተላለፈው ሳጥን 45 ውስጥ ነው። ሳጥን 26 ለሱቅና ለቢሮ ወለድ ነው። ወለዱን በልማድ 26 ላይም 44 ላይም የሚጽፍ ሰው ሁለት ጊዜ ጠየቀ ማለት ነው፤ 26 ላይ ብቻ የጻፈውም በድሮው ሕግ ሞላ ማለት ነው፣ ሁለቱም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከኤች ኤም አር ሲ ደብዳቤ ያስመጣሉ። የ1,000 ፓውንዱን የኪራይ ገቢ ነፃ መብት የመረጠ ሰው የወለድ ቅናሹን ያጣል፤ ወለድ ያለበት አከራይ ይህን ሳጥን ባይነካው ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞላ ሰው የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 ይመዝገብ፤ በኢንተርኔት የሚሞላበትም የሚከፈልበትም የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 31 ነው። የመጀመሪያው ጃንዋሪ ደግሞ ያስደነግጣል። የሚከፈለው ከ1,000 በላይ ከሆነና ከጠቅላላው ግብር ከ80 በመቶ ያነሰው በደመወዝ በኩል ከተቆረጠ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግማሽ በቅድሚያ ይጠየቃል። የምሳሌያችን ሰው 2,746 ብቻ መስሎት ይገባና 4,119 ይጠየቃል፤ ጁላይ 31 ላይ ሌላ 1,373 አለበት።

ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከኪራይና ከግል ሥራ የሚሰበሰብ፣ ወጪ ያልተቀነሰለት ገቢያቸው ከ50,000 በላይ የሆኑ በየሦስት ወሩ በሶፍትዌር ያሳውቃሉ፤ በ2027 ወሰኑ 30,000፣ በ2028 ደግሞ 20,000 ይሆናል።

እንደ መውጫ የሚወሩት

ከሁሉ ቀላሉ ባልና ሚስት መካከል ማካፈል ነው። ቤቱ 45,000 በሚያገኘው ባል ስም ብቻ ነው፣ ሚስት 18,000 ታገኛለች እንበል። ግማሽ በግማሽ ሲሆን የእሱ ግብር 846፣ የእሷ 400 ሆኖ ድምሩ 1,246 ይመጣል፤ በዓመት 1,500 ቀረ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ቢሆን 800 ብቻ ነው።

አፈጻጸሙ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በጋራ ስም የተያዘ ቤት በግብር ዓይን ግማሽ ለግማሽ ነው። 90 ለ10 ማለት የፈለገ በመጀመሪያ ባለቤትነቱን በእርግጥ መቀየር፣ በጠበቃ የየአንዳንዱን ድርሻ የሚገልጽ የትረስት መግለጫ ማስጻፍ፣ ከዚያ ድርሻው የሚታወቅበት ፎርም 17 በሁለቱም ተፈርሞ በ60 ቀን ውስጥ ኤች ኤም አር ሲ እንዲደርስ ማድረግ አለበት። 61ኛው ቀን ላይ የደረሰ ፎርም ዋጋ የለውም፤ እንደገና ይፈረማል። ፎርሙን ብቻ ሞልቶ ባለቤትነቱን ያልቀየረ ሰው ደግሞ ሐሰተኛ መግለጫ ሰጥቷል።

የአበዳሪው ፈቃድም አለ። ስታምፕ ዲዩቲ የተባለው የቤት ዝውውር ግብር የሚታሰበው ሚስት በምትወስደው የዕዳ ድርሻ ላይ ነው፤ የ200,000ው ግማሽ 100,000 ነው፣ ከ125,000 በታች ስለሆነ ዜሮ፤ ሙሉውን ከወሰደች 1,500። በባልና ሚስት መካከል ለተጨማሪ ቤት የሚከፈለው የ5 በመቶ ጭማሪ የለም። ዜሮ ቢሆንም ዕዳው ከ40,000 ስለሚያልፍ መግለጫው በ14 ቀን ውስጥ ይገባል። በመካከላቸው ካፒታል ጌይን ታክስም (ንብረት ሲተላለፍ በዋጋው ጭማሪ ላይ የሚከፈለው ግብር) አይነሳም።

ኩባንያው ግን ወሬው ከሒሳቡ ይበልጣል። በ250,000 የተገዛ ቤት አሁን 400,000 ያወጣል እንበል። ወደ ራስ ኩባንያ ማዛወር እንደ ሽያጭ ነው። ከ150,000ው ትርፍ 3,000 ነፃ ሆኖ በ24 በመቶ 35,280 ካፒታል ጌይን ታክስ ይመጣል፤ በ60 ቀን ይከፈላል። ስታምፕ ዲዩቲው ከጭማሪው ጋር 30,000። ድምሩ 65,280፣ ያውም የጠበቃና ከፍ ያለው የኩባንያ ሞርጌጅ ወለድ ሳይቆጠር። ትርፉ ኩባንያው በ4,000 ላይ 760 የኮርፖሬሽን ታክስ (የኩባንያ ትርፍ ግብር) ብቻ መክፈሉ ነው፤ የሚተርፈው 1,986። ወጪውን ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ይፈጃል፣ ገንዘቡን ከኩባንያው ሲያወጡ ያለው ግብር ሳይጨመር። ከአሁን በኋላ ለሚገዛ አዲስ ቤት ኩባንያ ሊያዋጣ ይችላል፤ በእጅ ላለው ቤት ግን አልፎ አልፎ ነው።

የካፒታል ጌይኑን የሚያዘገይ የንግድ ማዛወሪያ መብት አለ። መኖሩ የሚረዳው ግን ኪራዩ እውነተኛ ሥራ ሲሆን ነው። ራምሴይ በተባለው የ2013 ጉዳይ መብቱን ያገኙት ባለቤት ለሕንፃቸው በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር። አንድ አፓርትመንት በኤጀንት የሚያከራይ ሰው እዚያ አይደርስም። ሽርክናና ኩባንያ ቀላቅለው ሴክሽን 24ን እናስቀርልዎታለን የሚሉ ውድ ዕቅዶችም ይሸጣሉ፤ ኤች ኤም አር ሲ በ2023 ባወጣው ስፖትላይት 63 በተባለ ማስጠንቀቂያ እንደማይሠሩ አስታውቋል። ከፋዩ አማካሪው ሳይሆን እርስዎ ነዎት።

ተቃውሞው እስከዛሬ የት ደረሰ?

ሁለት አከራዮች በቼሪ ቡዝ ጠበቃነት፣ ከሌሎች አከራዮች በተዋጣ ገንዘብ፣ ሕጉን ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር። ኩባንያው ወለዱን ሲቀንስ ግለሰቡ መከልከሉ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለኩባንያዎች የተሰጠ ድጎማ ነው፣ የሰብአዊ መብትንም ይጥሳል ብለው ተከራከሩ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 6 ቀን 2016 ጉዳዩ እንዲታይ ፈቃድ አልሰጠም። የፍርድ ቤቱ በር ያኔ ተዘጋ፤ የቀረው የፖለቲካው ነው።

ኖቬምበር 26 ቀን 2025 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ያቀረቡት በጀት ደግሞ ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ለኪራይ ገቢ የተለየ ምጣኔ አምጥቷል፦ 22፣ 42 እና 47 በመቶ። የወለድ ቅናሹም ወደ 22 ከፍ ስለሚል የምሳሌያችን ሰው 2,826 ይከፍላል፣ 80 ፓውንድ ጭማሪ። ጩኸቱ ከዚህ የሚበልጥ ይመስላል፤ ለሱ ዋናው ሸክም አሁንም የ2015ቱ ነው።

ክብደት ያለው ክርክር እና የሌለው

«ማንኛውም ንግድ ወለዱን ይቀንሳል» የሚለው ብቻውን ደካማ ነው። የሚኖርበትን ቤት የሚገዛ ሰው ምንም ቅናሽ የለውም፣ ለሱ የነበረው ሚራስ የሚባለው ቅናሽ በኤፕሪል 2000 ቀርቷል፤ የመንግሥትም መልስ ይኸው ነበር፣ ገዢውና አከራዩ እኩል ይሁኑ። ለዚህ የተሻለው ምላሽ አይ ኤፍ ኤስ የተባለው የፊስካል ጥናት ተቋም ያኔውኑ በ2015 የሰጠው ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ሲሸጥ ካፒታል ጌይን የለበትም፣ ለራሱ «የሚከፍለው» ኪራይም አይገበርበትም፤ ስለዚህ የኪራይ ቤት ቀድሞውንም ይበልጥ የሚገበርበት ነበር።

«አከራዮች ሁሉ ይሸጣሉ» የሚለውም በቁጥር ካልተደገፈ ተሰምቶ ያልፋል። የሚከብዱት ሦስት ናቸው፦ የከሰረ ሰው ግብር መክፈሉ፤ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ብድር ኩባንያ ሲይዘው የተለየ መሆኑ፤ ሞክረው የተመለሱ አገሮች መኖራቸው። አየርላንድ በ2009 ቅናሹን ወደ 75 በመቶ አውርዳ ከ2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጋ በ2019 ሙሉውን መለሰች። ኒውዚላንድ በኦክቶበር 2021 መቀነስ ጀምራ፣ መንግሥት ሲቀየር በኤፕሪል 2024 ወደ 80 በመቶ፣ በኤፕሪል 2025 ወደ 100 በመቶ መለሰችው።

ደብዳቤው ለራስዎ የምርጫ ክልል ተወካይ ይሁን፤ ሙሉ አድራሻና ፖስትኮድ ከሌለው መልስ አይጠብቁ። አንድ ገጽ ይበቃል። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«በምርጫ ክልልዎ ነዋሪ ነኝ፣ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አከራያለሁ። በ2025/26 የሰበሰብኩት ኪራይ 18,000፣ ለባንክ የከፈልኩት ወለድ 11,000፣ ሌላ ወጪዬ 3,000፣ የተረፈኝ 4,000 ፓውንድ ነው። የተጠየቅሁት ግብር 2,746 ነው። ወለዱ ወደ 8 በመቶ ቢወጣ 1,000 ከስሬ 1,946 እከፍላለሁ። ለገንዘብ ሚኒስቴር ጽፈው መልሱን እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፦ ቤቱ በከሰረበት ዓመት ግብር እንዳይጠየቅ ምን ታስቧል?»

ጥያቄው ጠባብ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። «ሴክሽን 24 ይሰረዝ» ለሚል ደብዳቤ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ ያንኑ ገልብጠው ይልካሉ። ለከሰረ ዓመት ወይም ለባንክ የተከፈለው ወለድ ለቻይልድ ቤኔፊት እንደ ገቢ እንዳይቆጠር የቀረበ ጥያቄ ግን ሰው ተቀምጦ እንዲያስብበት ያስገድዳል። የኩባንያውን 760 ከጠቀሱ ገንዘቡ በድርሻ ክፍያ (ዲቪደንድ) ከኩባንያው ሲወጣ ያለውን ግብርም አብረው ይጥቀሱ፣ ካልጠቀሱ የሚመልስልዎት ሰው ያነሳዋል። የተከራይዎን ስም አይጻፉ።

ሚኒስቴሩ ከበጀት በፊት ከማንኛውም ሰው የጽሑፍ አስተያየት ይቀበላል፤ ኤንአርኤልኤ የተባለው፣ በ2020 ሁለት ማኅበራት ተዋህደው የመሠረቱት የአከራዮች ማኅበርም የአባላቱን እውነተኛ ቁጥሮች ለክርክሩ ይፈልጋል። በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ያለ አቤቱታ 10,000 ፊርማ ሲያገኝ የመንግሥት መልስ ያገኛል፣ 100,000 ሲደርስ ለውይይት ይታያል። ፊርማ የሚሰጠው የብሪታንያ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ሰው ሲሆን፣ በኢሜይል የሚላከውን ማረጋገጫ ካልተጫኑ አይቆጠርም።

ቤቱን አከራይተው ወደ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የተዛወሩ ሰዎች ኪራዩ ግብር ሳይቆረጥበት እንዲደርሳቸው የሚጠይቁበትን ኤን አር ኤል 1 ቅጽ ካልሞሉ ኤጀንቱ የከፈለውን ወጪ ቀንሶ ከቀረው ኪራይ 20 በመቶ ቆርጦ ለኤች ኤም አር ሲ ይልካል። ሴክሽን 24 እነሱንም ይከተላል። ከዚህ በፊት ኪራዩን ጨርሶ ያላሳወቀ ሰው ደግሞ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሌት ፕሮፐርቲ ካምፔይን በሚባለው መንገድ ራሱ ይግለጽ፤ ካሳወቀ በኋላ አስልቶ ለመክፈል 90 ቀን አለው፣ ቅጣቱም ኤች ኤም አር ሲ ቀድሞ ካገኘው ያነሰ ነው።